በሌለሁበት አምበል አደረጉኝ

ፈተና ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ወጥቼ ስመለስ የመምህራን ማረፊያው በጭብጨባ ሲናጋ ደረስኩ። ማን ምን እንዳገኘ ባላውቅም በሩ ላይ ቆሜ እኔም አጨበጨብኩ። ከሁሉም አብልጬ ሳላጨበጭብ አልቀርም። እልልታ ልጨምርበት ስል የስፖርት መምህራችን መጥቶ እጄን ጨበጠኝ።

"እንኳን ደስ አለሽ፣ አምበላችን!"

ለካ የቢቸና ትምህርት ቤታችንን ሴቶች ይዤ፣ ሞጣ ሄጄ፣ የዚያን ትምህርት ቤት ሴቶች ገመድ ጉተታ እንድገጥም በሙሉ ድምፅ ተመርጬ ኖሯል።

"ሰው በሌለበት ይመረጣል እንዴ?" አልኩት።

"ያለማ እምቢ ይላል" አለኝ።

አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ግን አንድም ቀን ምንም ነገር መርቼ አላውቅም። እድር ስብሰባ ላይ እንኳ የምቀመጠው ለመውጣት እንዲመቸኝ በሩ አጠገብ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ማዕረግ እንደ ዝናብ ወረደብኝ። ርእሰ መምህሩ በለጠፈው ማስታወቂያ ላይ "የቡድን መሪ" ነበርኩ፤ ለጸሐፊዋ "ቲም ሊደር"፤ ከወሎ ተመድባ ለመጣችው ረጅሟ የኬሚስትሪ መምህርት "ካፒቴን"። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ደግሞ "ቲቸር አለቃ" ይሉኝ ጀመር። እቆጣለሁ፤ ዞር ስል ግን ብቻዬን እስቃለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ማታ ራት ላይ ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ሰማንያን ያለፉ፣ በጉብዝናቸው ቅኔ ያስተማሩ፣ ኋላም የደብር አለቃ የነበሩ ሰው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት።

"አምበል?" አሉና ጉርሻቸውን ያዝ አደረጉት። "መሪጌታ አውቃለሁ። ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ አውቃለሁ። ቄሰ ገበዝ አውቃለሁ። አምበል ግን የት ያለ ሹመት ነው?"

"በጨዋታ ላይ የሚመራ ሰው ነው፣ አባባ። የእኔው ደግሞ በገመድ ነው።"

"በገመድ የሚመራስ በሬ ነው" አሉና በገዛ ቀልዳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ልምምድ ጀመርን። አሥር ነን፤ ስምንት መምህራን፣ ጸሐፊዋና የጽዳት ሠራተኛችን። የጽዳት ሠራተኛችን የጥኖራ የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ከሰላምታ ሌላ ቃል የማይወጣት። ከኋላዬ አቆምኳት። እኔ ከፊት ሆኜ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" እላለሁ። ግማሾቹ በሁለት ይስባሉ፣ ግማሾቹ በሦስት፤ ጸሐፊዋ "አራት የለም እንዴ?" ትላለች። ገመዱን ያሰርንበት ባሕር ዛፍ ቅጠሉም አልተነቃነቀ። እኛ ግን እላይ በላይ ተነባብረን ወደቅን። ተማሪዎቹ በመስኮት እየጮኹ አደነቁን።

ቤታችን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ስለሆነ አባቴ ሁሉን ሲሰሙ ነበር የዋሉት። ገና ስገባ፣ "ልጄ፣ መቁጠሩን ተይው" አሉኝ። "ዲያቆን ሳለሁ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ግንድ ከቆላ ስናወጣ ቄሰ ገበዙ ከጠዋት እስከ ቀትር ቢጮኹብን ግንዱ ንቅንቅ አላለም። ሰው በቁጥር አይተነፍስም።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"እኔ ምን አውቄ? አምበሏ አንቺ!"

በሰኔ መግቢያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ተነሣን። አባቴም ሞጣ ጊዮርጊስን ሳልሳለም አልሞትም ብለው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ የስፖርት መምህሩ ተነሥቶ ንግግር ያደርግ ጀመር። "መሪያችሁን ስሙ! መሪያችሁን ተከተሉ! ሁሉም በመሪው እጅ ነው!" ሲል ሾፌሩ ዞር ሳይል፣ "ወንድሜ፣ እዚህ መኪና ውስጥ መሪው በእኔ እጅ ነው፤ አርፈህ ተቀመጥ" አለው። አባቴ ሰሙንም ወርቁንም አገኙት መሰለኝ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲንፈቀፈቁ ትከሻቸው ከኋላ ይታየኝ ነበር። ሾፌሩን "የማን ተማሪ ነህ?" እያሉ ሞጣ እስክንገባ ለቀቅ አላደረጉትም።

የሞጣዎቹ ሴቶች ሜዳው ላይ ተሰልፈው ጠበቁን። አምበላቸው የስፖርት መምህርት ናት፤ ክንዷ የእኔን ጭን ያህላል። ሜዳው ሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። ሕዝቡ ዙሪያውን ግጥም ብሏል።

ፊሽካ ሲነፋ በሙሉ ኃይሌ "አንድ!" አልኩ። ሁለት አላልኩም። ሁለት ለማለት አፌን ስከፍት በደረቴ ተንሸራትቼ መስመሩን አልፌ ነበር። ከተነሣሁ በኋላም ቃሉ አልወጣ አለኝ፤ ድምፄ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ሳምንቱን ሙሉ በልምምድ ጩኸት የቆሰለ ጉሮሮ በዚያች "አንድ" አለቀለት።

"ካፒቴን፣ ምን እናድርግ?" አለችኝ የኬሚስትሪዋ። በእጄ ጉሮሮዬን አሳየኋት። ሁላችንም ጭቃ ለብሰን ተያየን። ሳቅ የመጣብን ያኔ ነው፤ ጸሐፊዋ እስክትቀመጥ ሳቀች።

ሁለተኛው ፊሽካ ተነፋ። ገመዱ ተወጠረ። እኔ እንደ ዓሣ አፌን ከፍቼ እዘጋለሁ። ድንገት ከኋላዬ ቀጭን፣ ስለታም ድምፅ ተነሣ።

"ቤት ሊጥ ትቻለሁ፣ አልቦካልኝም ገና፤
ሳቡት እህቶቼ፣ እንግባ ቢቸና!"

የጽዳት ሠራተኛችን ናት! "ሆ!" ብለን ተቀበልናት፤ ተቀብለን ሳብን። ደግማ አወረደችው፤ "ሆ!" አልን። እግሬ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ይራመድ ጀመር። ሦስተኛው "ሆ" ላይ ግዙፏ አምበል አጠገቤ መጥታ በጉልበቷ ወደቀች።

ሜዳው ተደበላለቀ። አባቴ ከነጋቢያቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው ወደ ጽዳት ሠራተኛችን መጡ። የጥኖራ ሰርግ ላይ ዘፈን አውራጅ እንደነበረች ያኔ ነገረችን። "አውራጅ ይሏታል፤ እሷ ግን አወጣቻችሁ!" አሉ አባቴ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ።

ሦስተኛው ዙር የሚለይለት ነበር። ሞጣዎችም ብልሆች ናቸው፤ የራሳቸውን አውራጅ አቆሙ። ሁለቱ አውራጆች ተሰዳደቡ፤ ስድቡ በግጥም ነው። የእኛዋ ስለ ሊጧ፣ የእነሱዋ ስለ ጥጃዋ ያወርዳሉ፤ ሕዝቡ ለሁለቱም "ሆ!" ይላል። ገመዱ ወዲህም ወዲያም አይልም፤ ይንጣጣል እንጂ። በመጨረሻ ጧ! ብሎ ከመሐል ተበጠሰና ሃያ ሴቶች፣ አሥራችን ወዲህ አሥራቸው ወዲያ፣ በጀርባችን ተዘረርን።

ማንም ቶሎ አልተነሣም። ሰማዩን እያየሁ ሳቅኩ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ሆድ ያማል። ግዙፏ አምበል መጥታ በሁለት እጇ አነሣችኝና "አምበሏ አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አቅፋ ጉንጬን ስትስመኝ ጭቃዋ ተረፈኝ። ዳኛው አቻ ብሎ ፈረደ፤ አንዱን ዋንጫ ከእነሱ ጋር ተራ በተራ እንድናስቀምጥ ተስማማን።

ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄ ገና አልተመለሰም ነበር። በሹክሹክታ "ደብተር አውጡ" አልኩ። የፊተኛው ልጅ በሹክሹክታ "የቱን ደብተር፣ ቲቸር?" አለኝ። ከኋላ ያሉት ተንሾካሾኩ፣ እኔ በሹክሹክታ መለስኩ። ክፍለ ጊዜው ሙሉ እንዲሁ አለፈ፤ እንደዚያ ሲያዳምጡኝ አይቼ አላውቅም። ዝምታው ግራ ያጋባው ርእሰ መምህር በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ አንገቱን አስገባ። እኔንም ተማሪዎቹንም አየና እሱም በሹክሹክታ፣

"ምን ሆናችሁ ነው?" አለ።