ባለፊቱ ማጨሻ

ባለፈው እሑድ ልጄ ከተማ ወስዳ ሙዚየም አስገባችኝ። መስታወት ውስጥ የሸክላ ዕጣን ማጨሻ ቆሟል፤ የሰው ፊት አለው፣ አፉ ክፍት ነው። የጥንት ማያዎች አማልክታቸውንና ሙታናቸውን በጭሱ ይጠሩበት እንደነበር ልጄ አነበበችልኝ። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያደንቃል። የእኔ ደም ፈላ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በስደት አገር፣ ሰንሻይን የሚባል ሰፈር፣ ከአጎቴ ከጋሼ መኩሪያ ጋር እኖር ነበር። አባቴ የእሳቸው ታናሽ ወንድም ነው፤ በቀይ ሽብር ወስደውት በዚያው ቀረ። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ይህን አልክድም። ግቢ የምትጋራን ሮሳ የምትባል የጓቲማላ ሴት ነበረች፣ የማያ ዘር። ካሮት የሚታሸግበት ፋብሪካ አንድ ሺፍት እንሠራለን። ምሳ ስትቋጥር ለእኔም የበቆሎ ቂጣ በባቄላ ትጨምርልኛለች፤ እጃችን ላይ ካለው ሽታ የተነሣ ሁሉም ነገር ካሮት ካሮት ይለን ነበር።

የሮሳን ወንድም ወታደሮች ወስደውት አስከሬኑ አልተገኘም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ የሠራችላትን ባለፊት ማጨሻ አጥሩ ሥር አስቀምጣ እንደ ዕጣን ያለ የዛፍ ሙጫ ታጨስበታለች። በሰኔ ብርድ ጭሱ ከአፉ ሲወጣ የሚተነፍስ ይመስላል።

"ወንድሜ መንገድ እንዳይጠፋው ነው" አለችኝ።

ጋሼ ግን የዛር ዕቃ ነው ብለው ቆረጡ። አገር ቤት ዛር ያለበት ዘመድ ጨሌው ጸበል ተረጭቶ ሲሰባበርለት እያዩ ነው ያደጉት። አንድ ቅዳሜ ሮሳ ገበያ ስትሄድ ጸበላቸውን ይዘው ወጡና፣ በስመ አብ ብለው፣ ማጨሻውን ሲሚንቶው ላይ ፈጠፈጡት።

"ገላገልኳት" አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ። ጭራሽ ጎሽ መባል አምሯቸዋል!

ሮሳ ስትመለስ ስብርባሪውን በቀሚሷ ለቀመች። "ሥራውን ሲጨርስ እኛው እንሰብረዋለን" አለችኝ። "ወንድሜ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።"

እየጮህኩ ቤት ገባሁ። "ጋሼ፣ አባቴም እኮ መቃብር የለውም!"

"አባትሽ ክርስቲያን ነበር" አሉና ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱ።

ሮሳ ብዙም ሳትቆይ ቤቱን ለቀቀች። ወንድሟ ይድረስ አይድረስ ማን ይነግረኛል? ባለቤቶቹ ሲሞቱ ትኬት ቆርጠን እናደንቃለን፤ በሕይወት ያለች ሴት ስትይዘው ግን ጣዖት ነው! አሁንም ስጽፈው ያንገበግበኛል።

ጋሼንም በክብር ቀብረናቸዋል፤ ስማቸው እብነ በረድ ላይ ተጽፏል። በየዓመቱ አበባ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ይቅርታ ግን ይዤላቸው ሄጄ አላውቅም።