ከማመልከቻው ግርጌ

ከሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አቶ ሀብተወልድ ወልደ ጊዮርጊስ ሃያ ዓመት ማመልከቻ ጽፈዋል። ይህን ሐረር ሁሉ ያውቃል። ሐረር ያላወቀው፣ ከሃያው ዓመት የመጨረሻዎቹን አምስቱን እሳቸው አለመጻፋቸውን ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። እንደ ወትሮው ከጃንጥላቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላሉ፤ ብዕሩን የምትይዘው ግን ልጃቸው ተናኘወርቅ ናት። ሰው ሁሉ እሳቸው ያሉትን የምትገለብጥ ይመስለዋል።

መጀመሪያ ሰሞን የሚጻፈውን እሳቸው ይነግሯት ነበር። ዓመት ሳይሞላ መንገሩም ቀረ። ባለጉዳዩ ሲያወራ አባት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ልጅ ትጽፋለች፣ በመጨረሻም ከወረቀቱ ግርጌ "ጸሐፊ ሀብተወልድ ወልደ ጊዮርጊስ" ብላ ታሰፍራለች። ባለጉዳዩ ለአቶ ሀብተወልድ እጅ ነስቶ ይሄዳል። ለልጅቷ እጅ የሚነሳ የለም፤ ብዕርን ማን ያመሰግናል?

ሥራውን ግን ታውቅበታለች። ባለጉዳይ እያለቀሰ ነው የሚመጣው። በደሉን ከአያቱ ዘመን ይጀምራል፣ ድህነቱን ይዘረዝራል፣ ዳኛው አባቱም እናቱም እንደሆኑ ያወራል። ተናኘወርቅ ብዕሯን አስቀምጣ እስኪወጣለት ትጠብቀዋለች። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ትጠይቃለች። ምን ተደረገብህ? ማን ያውቅልሃል? ዳኛው ምን እንዲያደርግልህ ትፈልጋለህ? ልቅሶው ወረቀት ላይ አይገባም። ከዚያ ጃንጥላ ሥር የወጣ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተመልሶ የማያውቀው ለዚህ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የፍርድ ቤቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከአዲስ አበባ መጥተው ፈረስ መጋላ አጠገብ ቢሮ የከፈቱት ጠበቃ አቶ አባይነህ አንድ ተለማማጅ ይፈልጋሉ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ወይም በፍርድ ቤት ጽሕፈት ልምድ እንዳለው ማስረጃ የሚያቀርብ። የተሰጠው ጊዜ አሥር ቀን ነው። ተናኘወርቅ ሰሌዳው ላይ የሚወጣውን ሁሉ ለአባቷ ታነብላቸዋለች። ይህን አላነበበችላቸውም።

ትምህርቷን ያቋረጠችው ከዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ያ ዓመት የአባቷ ዓይን የደከመበት ዓመት ነበር። ስለዚህ የቀራት ልምዱ ነው። ልምዱ ደግሞ አንድ ሳይቀር በአባቷ ስም ተጽፏል።

እውነቱን ብጽፍ አባባን አዋርዳቸዋለሁ፣ አለች ለራሷ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ማንም አይነቅፋትም። ከደጉ ሐሳብ ሥር ግን ሌላም ተደብቆ ነበር። ያ ሁሉ ወረቀት የኔ ነው ወይ? ባለጉዳዩ እየተናገረ፣ አባባ እየነቀነቁ፣ እኔ ምን ሠራሁ? ሕግ የተማረ ሰው ፊት ቀርቤ አንድ ነገር ብጠየቅ አፌ ይተሳሰራል። ለሰው ሲሆን ባለጉዳዩ ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ የምታደርሰውን ወረቀት፣ ለራሷ ሲሆን አራት ጊዜ ቀደደችው። አምስተኛውን እንዳትቀደው ፈርታ በሰባተኛው ቀን ወሰደችው።

አቶ አባይነህ ቀጭን፣ ለንግግር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ከፊታቸው እንደቆመች ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ምን አጥፍተሽ ነው?" አሏት።

"ምንም አላጠፋሁም ጌታዬ።"

"ይህ እኮ የይቅርታ ማመልከቻ ነው። ትምህርት ያልዘለቀልኝ፣ እውቀት የጎደለኝ፣ የደካማ ሰው ልጅ፣ በቸርነትዎ ቢመለከቱኝ ይላል። ምን እንደምትችዪ አንድ መስመር የለበትም። የምትጠይቂውም አልተጻፈም። እንዲህ ያለው ወረቀት መዝገብ ቤት ቢቀርብ ምን ያደርጉታል?"

"ይመልሱታል" አለች።

"እኔም መልሼዋለሁ። እስከ ቅዳሜ አስተካክለሽ አምጪ። ካልሆነ ይቅር።"

በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ አልፋ እስከ ሸዋ በር ስትወርድ ሰው ሁሉ የሚያያት መሰላት። ያሳፈራት የወረቀቱ መመለስ አልነበረም። ሰውየው ልክ ነበሩ። አምስት ዓመት ከሰው ወረቀት ላይ ስትጠርግ የኖረችውን ልቅሶ የራሷ ላይ አፍስሳው ነበር።

ከጃንጥላው ሥር ወይዘሮ ሸምሲያ ተቀምጠዋል። በግቢ ግድግዳ የተነሣ ከጎረቤታቸው ጋር ሁለት ዓመት የተካሰሱ፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ባለፈው ወር ስለተፈረደላቸው ለምስጋና ብርቱካን ይዘው መጥተዋል። "ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?" አሏት። ተናኘወርቅ ልትናገር አላሰበችም ነበር፤ ግን ማስታወቂያውንም፣ ወረቀቱንም፣ የጠበቃውንም ቃል አንድ በአንድ አወጣችው። አባቷ እስኪወጣላት ጠበቁ።

"ተናኜ" አሉ፣ "ሳጥኑ ላይ ተቀመጪ።"

ሳጥኑ የባለጉዳይ መቀመጫ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ተቀምጣበት አታውቅም።

"ስምሽ ማነው?"

"አባባ፣ ምን ይላሉ?"

"ባለጉዳይ ነሽ። ስምሽ?"

"ተናኘወርቅ ሀብተወልድ።"

"ምን ትችያለሽ?"

"እኔማ ምን እችላለሁ፣ ትምህርቴን እንኳ..."

ከዘራው መሬቱን መታ። "ልቅሶው አይጻፍም። ምን ትችያለሽ?"

እልህ ያዛት። "ማመልከቻ እጽፋለሁ" አለች። "ባለጉዳዩ ካወራው ውስጥ ዳኛው የሚፈልገውን ለይቼ አወጣለሁ። አምና ብቻ ከመቶ በላይ ጽፌ አንድም አልተመለሰብኝም።"

"ማን ያውቅልሻል?"

የሚያውቅላት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ጠያቂው ነው።

"እኔ አውቃለሁ" አሉ ወይዘሮ ሸምሲያ። "ወላሂ፣ አቶ ሀብተወልድ፣ አይቀየሙኝ። የኔ የተጻፈ ዕለት እርስዎ ሸለብ አድርጎዎት ነበር።"

አቶ ሀብተወልድ ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቁታል። ይህ ቃል ከተጻፈ ነገ ባለጉዳይ እጅ የሚነሳው ለማነው? ልጅቷ ከሄደችስ ብዕሩን ማን ይይዛል? መነጽራቸውን አወለቁ፤ ካወለቁት ወዲያ መልሰው አላደረጉትም።

"ጻፊ" አሏት። "የምስክር ቃል ነው። እኔ ሀብተወልድ ወልደ ጊዮርጊስ ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ በስሜ የወጡትን ማመልከቻዎች አልጻፍኩም። የጻፈችው ልጄ ናት። ሐሳቡም የእሷ ነው።"

"አባባ፣ ሐሳቡም የሚለው ይቅር።"

"የምስክር ቃል ልትለውጪ ነው?"

ጻፈችው። እንባዋ ቀለሙን እንዳያበላሽ ወረቀቱን ወደዚያ ገፋ አድርጋ ነው የጻፈችው። እጃቸውን ይዛ ልታስፈርማቸው ስትል አልፈቀዱም። የወረቀቱን ዳር በጣታቸው ዳስሰው ራሳቸው ፈረሙ። ፊርማው መስመሩን ለቆ ሽቅብ ወጣ።

"አሁን የመጨረሻው" አሉ። "ጠበቃው ምን እንዲያደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?"

"ፈቃዳቸው ቢሆን..."

ከዘራው ተነሣ።

"እንዲቀጥሩኝ" አለች።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ አባይነህ ማመልከቻውን አንድ ጊዜ ብቻ አነበቡና ጣታቸውን ጠማማው ፊርማ ላይ አሳረፉ።

"እኚህን ሰው በጽሕፈታቸው አውቃቸዋለሁ። ለተቃራኒ ወገን የጻፉት ሁለት ጊዜ ችሎት ላይ አስቸግሮኛል። አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የሠሩበትን ስም ለልጃቸው ብለው ቢሰጡ አልፈርድባቸውም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ጽሑፎቹ የማን ናቸው?"

የአባቴ ናቸው ማለት ቀላል ነበር። አምስት ዓመት ለሁሉም ያለችው እሱን ነው፤ ሲሰማም አክብሮት ይመስላል። ተናኘወርቅ ፊርማውን አየች። አሁን ብታፈገፍግ አባቷን የሐሰት ምስክር ማድረጓ ነው።

"የኔ ናቸው" አለች። ቀጥላም፣ ራሷን እስኪገርማት፣ "ያስቸገረዎት የትኛው ነው? ለምን እንደዚያ አድርጌ እንደጻፍኩት ልንገርዎት" አለች።

ጠበቃው ወንበር አሳዩዋት። ያ ንግግር እስከ ቀትር ቆየ።

ሰኞ ሥራ ጀመረች። አቶ ሀብተወልድም ጃንጥላቸውን አጥፈው ቤት መዋል ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ከበዳቸው። በቢሮው የመጀመሪያውን ማመልከቻ ስታዘጋጅ የተናኘወርቅ እጅ በልማድ ወደ ግርጌው ወርዶ "ጸሐፊ" ካለ በኋላ ቆመ። ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ "ተናኘወርቅ ሀብተወልድ" ብላ ጻፈች። ማታ ለአባቷ ስታነብላቸው፣ ስማቸው ከስሟ ቀጥሎ ሲጠራ ሰምተው እንደገና እንድታነበው ጠየቋት።