ሁለተኛውን ጥሪ ስትጠብቅ

ሐሊና ናይሮቢ ውስጥ ከካሳራኒ ሰፈር ወደ ዩኒቨርሲቲው በምትሄድበት ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ያን ረጅም የሥዕል ማስመሪያዋን የት እንደምታደርገው ሁልጊዜ ይጨንቃት ነበር። አናቱ ላይ አግዳሚ ያለው፣ ቁመቱ እስከ ወገቧ የሚደርስ እንጨት ነው። ጉልበቷ መሐል ብታቆመው የጎረቤቷን ፊት ይነካል፤ ብታጋድመው መተላለፊያውን ይዘጋል። ረዳቱ እንጨቱን ያይና፣ «ዳዳ፣ እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ የራሱን ይክፈል እንጂ!» ይላታል። ተሳፋሪው ይስቃል፤ እሷም አንገቷን ሰብራ ፈገግ ትላለች። ብዙ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው አፍ የሚደርሳት ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

ከደሴ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። የእናቷ ታናሽ እህት ወይዘሮ አያልነሽ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው። «ኢንጂነሪንግ እዚህ ትማር፣ እኔ አለሁላት» ብለው አስመጧት። ኪሊማኒ ከትምህርት ቤቱ ስለሚርቅ ካሳራኒ አንዲት ክፍል ተከራዩላት። ክፍሏ ንጹህ ናት። በመስኮቷ የሚታየው በፊት ለፊቱ ፎቅ ላይ የተሰጣ ልብስ ነው፤ ሐሊና ጎረቤቶቿን በልብሳቸው እንጂ በፊታቸው አታውቃቸውም። ራቷን የምትበላው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው። ጠረጴዛው በሥዕል ወረቀት ተይዟል።

ትምህርቱ አልከበዳትም። የከበዳት ሰው ነው። ተማሪው ሁሉ ከየት እንደመጣ ባይታወቅም በመጀመሪያው ሳምንት ጓደኛ ጓደኛውን ይዞ ተቀምጧል። የሚቀልዱት በእንግሊዝኛ ጀምረው በሼንግ፣ በናይሮቢ ወጣቶች ቅይጥ ቋንቋ፣ ይጨርሱታል፤ ሳቁ ላይ ስትደርስ ቀልዱ አልፏታል።

አንድ ቀን የወርክሾፑ መምህር ገብተው፣ «ከአይስክሬም እንጨትና ከኮላ ድልድይ ትሠራላችሁ፤ ጡብ ጭነንበት እናየዋለን» አሉ። «አራት አራት ሁኑ። ብቻውን የሚሠራ አልቀበልም። እስከሚመጣው ሳምንት አርብ ቡድን ያላገኘ ዜሮ ነው፤ ኮርሱን በሚመጣው ዓመት ይደግማል።»

ክፍሉ በወንበር ጩኸት ተናወጠ። ከፊቷ የምትቀመጠው ሞራ የምትባል፣ ጸጉሯን በቀይ ክር የተሠራች ልጅ ወደ ኋላ ዞረች።

«ሐሊና፣ ሦስት ነን። ከኛ ጋር ትሆኛለሽ?»

የሐሊና ልብ ዘለለ። ግን ገና በመጀመሪያው ጥሪ እንዴት ዘው ይባላል? ባደገችበት ቤት እንግዳ ሲጠራ «ኧረ ይቅርብኝ» ይላል፣ ባለቤቱ «በሞቴ!» ይላል፣ እጅ ይጎተታል፤ ከዚያ ነው የሚገባው። የምትፈልገውን ቶሎ የሚቀበል ሰው ዓይን አውጣ ነው።

«አይ፣ ይቅር፤ እናንተ ሥሩ። እኔ አስቸግራችኋለሁ» አለች፣ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ። ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀች።

«ሳዋ» አለች ሞራ። እሺ ማለቷ ነው። ፊቷን መለሰች። ጥቂት ሳይቆይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ልጅ መጥቶ አራተኛ ሆነ።

ሐሊና እንዳቀረቀረች ቀረች። በልቧም፣ «ለይሉኝታ ነው የጠሩኝ፤ ቢፈልጉኝማ ይለምኑኝ ነበር» አለች። ማንንም ሳትጠይቅ ወጣች።

እሁድ ኪሊማኒ ሄደች። ወይዘሮ አያልነሽ ከሳህኗ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ብዪ እንጂ!»

«ጠገብኩ፣ እትዬ።»

«ምኑን በልተሽ? ዱላ መስለሽ!» ብለው ሌላ ጨመሩላት። እሷም በላች። ስትበላ ነው እንባዋ የመጣው፤ ነገሩን ሁሉ ተናገረች።

እዚሁ ናይሮቢ ያደገችው የአክስቷ ልጅ ሜሮን ስልኳን አስቀመጠች። «ዌይት፣ ሐሊዬ። ራስሽ ነሽ ኖ ያልሽው?»

«ታዲያ ገና ሲጠሯት እሺ ትበል?» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ። «እንዳልተቀጣች?»

«ማሚ፣ እዚህ እኮ ኖ ካልሽ ኖ ነው! ደግሞ የሚጎትትሽ የለም። ልጅቷ ኮርታብኛለች ብላ ይሆናል።»

«እኔ? ኮርቼ?» አለች ሐሊና። ከቡድኑ ከመቅረቷ ይልቅ ይህ አንገበገባት።

ሐሙስ ዕለት ከወርክሾፑ በር ላይ ሞራን ጠብቃ አቆመቻት። «ያን ቀን ከናንተ ጋር መሆን ፈልጌ ነበር። እኛ አገር መጀመሪያ እምቢ ይባላል» አለቻት።

ሞራ ትክ ብላ አየቻት። «ለምን? እኔ እኮ ንቃናለች ብዬ ነበር።» ከዚያ ትከሻዋን ሰበቀች። «አሁን አራት ሆነናል። ፖሌ፣ ሐሊና።» አዘነችላት፣ ግን ቦታ የላትም። ሄደች።

ሐሊና በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ገባችና በየጠረጴዛው ትጠይቅ ጀመር። አንደኛው ሞልቷል። ሁለተኛው የሚመጣ ልጅ አለን አለ። ፊቷ ነደደ፤ እንዲህ ሆና ለምና አታውቅም። ጥግ ላይ ሦስት ወንዶች እንጨት በትነው ይጨቃጨቃሉ። ስትጠይቃቸው ኦዊቲ የሚባለው ረጅሙ ልጅ ቀና ሳይል፣ «መቁረጥ ትችያለሽ?» አላት።

«እችላለሁ።»

«ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እንጨትና ምላጭ ገፉላት። ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ በሼንግ፣ እሷ የሌለችበትን። ከየት መጣሽ ያላት የለም። አንገቷን ደፍታ ቆረጠች። ኮላው ጣቷ ላይ ደረቀ፤ በጥፍሯ ፈገፈገችው። ደሴ ቢሆን ይህን ጊዜ የእናት የአባቷን ስም ጠይቀው ዘመድ ሁሉ ሆነው ነበር።

ኦዊቲ ከቆረጠቻቸው ሁለቱን አንሥቶ ጎን ለጎን አቆማቸው። አንዱ ያጥራል።

«ሐሊና! ምንድን ነው ይሄ? ድልድያችንን ልትጥዪው ነው? ድገሚው!»

ሌሎቹ ሳቁ። እሷ ግን ደንግጣ ቀና አለች። ስሟን ማወቁን አላወቀችም ነበር፤ «ድልድያችን» ማለቱንም ቆይታ ነው ያስተዋለችው። አጭሩን እንጨት ወደ ጎን ጥላ ሌላ አነሣችና እንደገና ለካች።