ቤቱና ባለቤቱ

ጅግጅጋ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሕንፃ ንድፍ አስተምራለሁ። ከደመወዜ የተረፈውን የሚበላብኝ ግን ካሜራዬ ነው። የማነሳው ሕንፃ ብቻ ነው፤ ያውም በጥቁርና ነጭ። ቀለም ለእኔ ወሬኛ እንግዳ ነው፤ እሱ ከገባ ሌላው አይደመጥም። ይህች ከተማ ደግሞ ቀለም አትፈራም። ሮዝ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ በር፣ በሩ ላይ ቢጫ አበባ ታያላችሁ። እኔ የምፈልገው ብርሃኑ ግድግዳው ላይ የት አልቆ ጥላው ከየት እንደሚጀምር ማየት ነው። ሰውም አልወድም። ፎቶ ውስጥ ማለቴ ነው፤ ባልደረቦቼ ግን ከፎቶ ውጭም ያው ነህ ይሉኛል።

ሰውን የማስወግድበት መላ አለኝ። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ ሌንሱ ላይ ጥቁር መስታወት እገጥማለሁ። ብርሃን በዚያ መስታወት በኩል የሚገባው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ አንዱ ፎቶ ደቂቃዎች ይፈጃል። ያን ጊዜ ንቅንቅ የማይለው ድንጋይ ጠርቶ ይቀራል፤ ደመናው እንደ ተባዘተ ጥጥ ይሳባል። የሚንቀሳቀሰው ሁሉ፣ ባጃጁም ፍየሉም ሰውም፣ ምልክት ሳይተው ያልፋል።

ገበያው አጠገብ የነበረውን አንድ የድንጋይ ቤት ለማንሳት ለወራት ደመና ስጠብቅ ከረምኩ። ባለቤቱ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ በጉልምስናቸው ሀርሺን ላይ ግመልና በግ ይነግዱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ድንጋዩን ከቱሊ ጉሌድ በኩል በመኪና አስመጥተው፣ ከግንበኞቹ እኩል ጭቃ እያቀበሉ ነው ያሠሩት። መንገድ ሊሰፋ ስለሆነ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎበት ነበር።

የሄድኩ ቀን ስመኘው የኖርኩት ደመና ከካራማራ ተራራ በኩል እየተነዳ መጣ። መስታወቱን ገጥሜ ሳበቃ ሽማግሌው ብቅ አሉ።

«መምህር፣ ቤቱን ልታነሳው ነው?»

«አዎ፣ አዴር።» አዴር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ነው፤ እዚህ ትልቅ ሰው የሚጠራበት ነው።

«እንግዲያው ከእኔ ጋር አንሳን። ሳይፈርስ፣ እኔና እሱ አብረን።»

መስታወቱን ፈትቼ እሳቸውን ማንሳት፣ ከዚያ መልሼ መግጠም እችል ነበር። ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ደመናው ሊያልፍብኝ ነው ብዬ ሰሰትኩ። «ይቁሙ» አልኳቸው። ወደ ቤት ገብተው ኮት ደርበው፣ ቆባቸውን አስተካክለው ወጡና በራቸው ፊት ቆሙ። ካሜራውን ከፈትኩ። ብዙም ሳይቆዩ አንድ አላፊ አግዳሚ ሰላም አላቸው፤ ሄደው ጨበጡት። ተመለሱ። ጎረቤት ጠራቸው፤ ወደዚያም ሄዱ። ጸንተው እንዲቆሙ መንገር ሲገባኝ አልነገርኳቸውም። እንዲያውም በልቤ፣ እባክዎ ይንቀሳቀሱልኝ እያልኩ ነበር።

«ወጣሁ?» አሉኝ ሲያልቅ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «በደንብ ወጥተዋል» አልኳቸው።

ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ሰማዩ ጠቁሯል፣ ድንጋዩ አብርቷል፣ በሩ ላይ ማንም የለም። ወደ ጥቁርና ነጭ ስቀይረው ቀዩን ሳነጣው ኤክሱም ከግድግዳው ጋር ተመሳስሎ ጠፋ። እስከዚያ ቀን ካነሳሁት ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከዋሸሁት ይልቅ ያ ደስታ ነው ዛሬም የሚያሳፍረኝ። በማግስቱ ሄጄ እንደገና ላንሳዎት ማለት ነበረብኝ። ነገ ዛሬ ስል ግሬደሩ ቀደመኝ።

ከወራት በኋላ ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ፎቶዎቼን ሰቀልኩ። ሽማግሌውን አልጠራኋቸውም፤ ለምን እንዳልጠራኋቸው ሆዴ ያውቀዋል። ጅግጅጋ ግን ወሬ ተደብቆ የሚያድርባት ከተማ አይደለችም። ባለቤታቸውንና የድሮ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ ያንኑ ኮት ለብሰው መጡ። አንዱ ጎረቤት በር ላይ ሲጨብጠኝ፣ «ቤቴን ከነባለቤቱ ላሳያችሁ ብሎ ነው ያመጣን» አለኝ።

ፎቶው ፊት ቆሙ። ባለቤታቸው በሩንና መስኮቶቹን በጣታቸው እያሳዩ በሶማሊኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ያን ያህል ሶማሊኛ አውቃለሁ፤ «አንተስ የታለህ?» ነው ያሉት። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ በሩን አዩ። ከዚያ ጎረቤቱን ያነጋገሩበትን ጥግ፣ ከዚያ እንደገና በሩን። አፍንጫቸው የፎቶውን መስታወት ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። ሌላ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ እኔ ማየት አቅቶኝ ወለሉን አየሁ። ልናገር ነበር፤ «አዴር» ብዬም ጀመርኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። በሶማሊኛ ሊሉት ይችሉ ነበር፤ እኔ እንድሰማው ነው መሰለኝ በአማርኛ አደረጉት።

«መምህሩ ደጋግሞ ቁሙ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ብዬ የገባሁት።»

ጎረቤቶቻቸው ሳቁባቸው። አንዱ፣ ግመል ሲሸጥ የሚያፍር ሰው አልነበረም፣ ካሜራ ሲያይ ነው እንዴ ያፈረው ብሎ ቀለደ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ባለቤታቸው ብቻ አልሳቁም፤ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ብናገር እሳቸውን በሰው ፊት ውሸታም አደርጋቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ለእኔ የተመቸ ሰበብ ነበር።

«እውነት ነው፣ እናቴ» አልኳቸው።