ሁለት ከተማ ለአንድ ደረት

ከሰፈራችን ከወሰን ልንወጣ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬበታለሁ፤ አልከፋኝም። ልጆቼን የወለድኩት እዚህ ነው። ጎረቤት አላጣሁም፣ መስጊድም ቅርቤ ነበር። የምንወጣው በትንሿ ልጄ ደረት ምክንያት ነው።

አስም አለባት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሦስት ክረምት ወዲህ በሽታው በረታባት። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፤ ቀን ደግሞ ከታች ያሉት ጋራዦች የመኪና ቀለም ይረጫሉ። ደረቷ ሲያፏጭ ማድቤት ሆኜ እሰማለሁ። ሽንኩርት ስከትፍም ጆሮዬ እሷ ጋ ነው። በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ አዝለናት ሐኪም ቤት ሮጠናል። አራቱንም ጊዜ በእግሯ ተመልሳለች፣ አልሐምዱሊላህ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በአራተኛው ጊዜ፣ «ቃል አልገባልዎትም፤ ግን ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ አገር ብትኖር ሊቀልላት ይችላል» አለችኝ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መስመሩ ደቡብ ነው፤ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ያመጣል፣ ወደ ሐዋሳ ሲሚንቶ ይወስዳል። ለእሱ ሁለቱም ከተሞች አንድ ናቸው።

«እኔ እንደሆነ ኑሮዬ መንገድ ላይ ነው» አለኝ። «ከልጅቷ ጋር የምትውዪው አንቺ ነሽ። ሐዋሳም ይሁን አርባ ምንጭ አንቺ ምረጪ።»

እንዲህ ያለው አክብሮኝ ነው። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። እንዲመርጥልኝ ፈልጌ ነበር፤ አልነገርኩትም።

አርባ ምንጭ የባለቤቴ ታላቅ እህት አለች። ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ተድረው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሙዝ እርሻ መሀል ባለ ሰፊ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በስልክ ባገኘችኝ ቁጥር፣ «ቤቱ ያስተጋባብኛል፤ ኑልኝ» ትለኛለች። ሐዋሳ ማንም የለኝም። ድሮ ለሠርግ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ከሐዋሳ የማስታውሰው መንገዱ ሜዳ መሆኑንና የሐይቁን ዳር ብቻ ነው።

መምረጥ ሲያቅተኝ ኢስቲኻራ ሰገድኩ። ሁለት ረከዓ ሰግዶ፣ ከሁለት ነገር የሚበጀውን አላህ እንዲያቀልል፣ የማይበጀውን እንዲያርቅ መለመን ነው። እኛ ሰፈር ግን ከዚያ በኋላ ሕልም ይጠበቃል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔም ጠበቅኩ።

ሕልም አልመጣም። ቀኑን ሙሉ በእግሬ ቆሜ ስለምውል ስተኛ እንደ ድንጋይ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ጠዋት ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ ይጠብቁኛል።

«እህስ? አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው ታዲያ?»

«የድካም።»

አጥሬን የሚጋሩ አንዲት አሮጊት አሉ። አሁን የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ በቆሙበት የየካ አባዶ መሬት ላይ ከባላቸው ጋር ባቄላ ይዘሩ ነበር። ዛሬ ልጃቸው ቤት ሆነው አንዲት ላም ያልባሉ። ልጄ በታመመች ቁጥር ትኩስ ወተት በአጥር ያቀብሉኛል። ሲያዝኑልኝ በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸውም የኔን ሕልም ይጠብቁ ነበር። «የካ ሚካኤል ሄጄ ለሚካኤልም ነግሬልሻለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። «በሁለት በኩል ተይዟል፤ አይቀርም።»

በዘጠነኛው ቀን ሙዝ አየሁ። አረንጓዴ ሙዝ ነው፤ አልጋው ላይ ተቆልሏል፤ ልጄ ከላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሻዩን እስኪረጭ ድረስ ሳቀ።

«እኔ ሃያ ዓመት ሙዝ ስጭን አንድ ቀን ብታልሚ ምን ይገርማል?»

«ልጅቷ ግን ትስቅ ነበር» አልኩት።

ይኼኔ ሻዩን አስቀመጠ። እኔም ቸኮልኩ። ጭንቀቱን ከላዬ ላራግፍ ብዬ በዚያው ጠዋት ለእህቱ ደወልኩ፦ «አርባ ምንጭ ሆኗል፤ እንመጣለን» አልኳት። በስልኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ባለቤቴ ከሩቅ ሰምቶ ጆሮውን ያዘ። ያን ቀን ቤቴን እያፀዳሁ የመገላገል ስሜት ተሰማኝ። እስከ ማታ ምንም አላሰብኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አሮጊቷ ወተት ሲያቀብሉኝ፣ «ሐኪሟስ ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ አገሩ ነዋ! የትኛው ይሻላታል አለች?»

«አልጠየቅኳትም።»

የወተቱን ጆግ አጥሩ ላይ እንደያዙት ቀሩ። «አልጠየቅሽም? እኔ ላሜ ሆዷ ሲነፋ የእንስሳት ሐኪም እጠራለሁ። ጸሎቱንም አልተውኩም፤ ሐኪሙንም አልተውኩም። አንቺ ትልቅ ሴት አይደለሽም እንዴ?»

አፈርኩ። በልጅነቴ ቁርአን ስቀራም የተማርኩት ይኸው ነበር፤ መጀመሪያ አዋቂ ይማከራል፣ ይመዘናል፣ ከዚያ ነው አላህን አቅልልኝ የሚባለው። እኔ ግን ምክሩን ዘልዬ ሕልም ጠበቅኩ። ደክሞኝ ስለነበር ሌላ እንዲያስብልኝ ፈልጌ ነው።

በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። ሁለቱንም ከተሞች ነገርኳት።

«አየሩን በሩቅ ሆኜ መፍረድ ይከብደኛል» አለችኝ። «ሁለቱም ከዚህ ይሞቃሉ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ትንፋሽ ቢያጥራት ከምትኖሩበት ቤት ሐኪም ቤት ለመድረስ ምን ያህል ይፈጃል? አርባ ምንጭ ያለው ቤት የት ነው?»

ያን ጊዜ አምና ክረምት ትዝ አለኝ። እህቱ ጋ ስንሄድ ዝናብ ነበር፤ ባጃጁ ጭቃው አፋፍ ላይ አውርዶን ተመለሰ። ሻንጣ በራሳችን ተሸክመን ጫማችንን በእጃችን ይዘን ሄድን። አስፋልቱን ከለቀቅን ቤቷ እስክንደርስ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ያኔ ስንስቅ ነበር የሄድነው። ለሐኪሟ ይህንኑ ነገርኳት። የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«ይህቺ ልጅ አንድ ሰዓት የላትም» አለች።

ከዚያ በላይ አላብራራችልኝም። አላስፈለገኝም።

«አርባ ምንጭ ትልቅ ከተማ ነው እኮ፤ መሀል ላይ ሐኪም ቤት አጠገብ መከራየት ትችላላችሁ» ብላ ጨመረች። ልጅ ናት፤ ፈገግ አልኩላት። የባል እህት ባለችበት ከተማ፣ ያውም ባዶ ክፍል ይዛ እየጠበቀች ቤት መከራየት እሷን በአደባባይ መስደብ ነው። አርባ ምንጭ ማለት እሷ ቤት ማለት ነው። ወሰን የምንኖር ሰዎች ይህን አንጠያየቅም።

ለባለቤቴ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነገርኩት። ልጆቹ ፊት ነበር።

«እህቴ ባለችበት ከተማ ቤት ልከራይ?»

«አትከራይም።»

«ታዲያ?»

«ሐዋሳ። ማንም አያውቀንም፤ የፈለግነው ቦታ ብንኖር የሚቀየመን የለም።»

አንገቱን ደፍቶ ጢሙን ያሽ ጀመር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሙዙስ?» አለኝ።

«ሙዙን ያመጣኸው አንተ ነህ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ግን እህቱን እንደሚወድ አውቃለሁ። ከእናቱ ሞት በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ያን ማታ እንጀራውን በግማሽ ተወው።

በሚቀጥለው ጉዞው ሐዋሳ ቤት አገኘ። ሁለት ክፍል ነው፤ አስፋልት ዳር። ከበሩ ሐኪም ቤቱ ድረስ በእግሩ ሄዶ ሰዓት ያዘ። «በእኔ እርምጃ ስምንት ደቂቃ» ብሎ ደወለልኝ። ድምፁ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር፤ ግንባሬን መሬት አስነክቼ ሱጁድ ወረድኩ።

የቀረው ለእህቱ መንገር ነበር። «እኔ ልንገራት» አለኝ። እንመጣለን ያልኳት እኔ ስለሆንኩ እምቢ አልኩት። ሦስት ቀን አሳደርኩት። በአራተኛው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ዕቃ እየሸከፍኩ ደወልኩላት። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ መጽሐፎቿን በካርቶን ትደረድር ነበር።

ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳት። ስለ ጭቃውም ነገርኳት። አስረዝሜ የማውራት ልማድ የለኝም፤ ቶሎ አለቀ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ክፍሏን ቀለም አስቀብቼ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«የዘመድ ቤት ጭቃ በዝቶብናል በያቸው ለወንድሞችሽ» አለች። እኔ ወንድም የለኝም፤ ስትናደድ በሌላ ሰው አሳብባ ነው የምትናገረው። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሲሻላት ለበጋ ትልኪልኛለሽ? በበጋ ጭቃ የለም።»

«ኢንሻአላህ።»

ሰላም ሳትለኝ ዘጋችው። እውነቷን ነው። ይቅር እስክትለኝ እጠብቃለሁ፤ ከሕልም ይልቅ ይሄኛውን መጠበቅ ይቀለኛል።

ልጄ መጽሐፎቿን ትታ ታየኛለች።

«ተቆጡ እንዴ?»

«ተቆጥታለች።»

«በኔ ነው?»

አልዋሽም ብዬ አሰብኩ። ግን በእሷ ነው ማለትም ልክ አልመሰለኝም።

«በደረትሽ ነው» አልኳት። «አንቺን ማ ይቆጣሻል።»

ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ከካርቶኑ ላይ አንስቼ ሰጠኋት፤ አንዴ ሳበች፣ ቆየችና ደገመች። ትከሻዋን ይዤ ቆምኩ። የቀረው ዕቃ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ማን እንደሚሸክፈው እያሰብኩ ደከመኝ። ፉጨቱ ቀነሰ። ከዚያ ጠፋ።

አልሐምዱሊላህ አልኩና ሌላ ካርቶን ከፈትኩ።