ቴርሞስታት የሚቀቅሉት ሽማግሌ

የጎንደሩን አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ያየኋቸው። ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ የአሮጌ መኪናቸውን ኮፈን ከፍተዋል። ጀለቢያቸውን ዘይት እንዳይነካው ወገባቸው ላይ ሰብስበው አስረውታል።

የዚህ ቆላ ሾፌር ሞተሩ ከፈላበት፣ የሞተሩን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውጥቶ ይጥልና ያለሱ ይነዳል። እሳቸው ግን አዲስ ገዝተው፣ በሻይ ሻጯ በዘሀቢያ ምድጃ ላይ በጣሳ ውሃ ይቀቅሉታል።

"አባባ፣ አዲስ አይደለም እንዴ? ምን ያደርጋል መቀቀሉ?" አለቻቸው።

"ውሃው ሲግል መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ሞተሩ ይቃጠላል።" ዓይናቸውን ከጣሳው አልነቀሉም። "ያኔም አዲስ ነው ሲሉኝ አምኜ ገጠምኩት። ሞተሩ ዳገት ላይ ፈላና ቆመ። ልጄ ምጥ ይዟት ከኋላ ተኝታ ነበር።"

ዘሀቢያ ከሰሉን አራገበችላቸው።

ውሃው ተንተከተከ፤ የቴርሞስታቱ ክዳን ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሽማግሌው በፒንሳ አወጡትና መዳፋቸው ላይ አድርገው እፍ እፍ አሉበት። ሲቀዘቅዝ ተዘጋ።

"እንግዲህ ይሠራል፤ ይግጠሙት" አለቻቸው።

"እሺ ልጄ" አሉና መልሰው ጣሳው ውስጥ ከተቱት።