የማትሞተዋን ሴት የገደልኩ ጊዜ

ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚያወራላቸውን ሁለት ልብ ወለዶች አንብቤ ጨረስኩ። የመጀመሪያውን የሥራ ባልደረባዬ «ካላለቀስሽ ሰው አይደለሽም» ብላ ነው የሰጠችኝ። አላለቀስኩም። ጀግናው ባዘነ ቁጥር ዝናብ ይዘንባል፤ ከመቶኛው ገጽ በኋላ ያሳዘነኝ እሱ ሳይሆን የቤቱ ጣራ ነበር። ሁለተኛው ይሻላል፤ ሰዎቹ እንደ ሰው ያወራሉ፣ ሲጣሉም እንደ ሰፈራችን ሰው ይሰዳደባሉ። ግን በባልንጀራዋ የተከዳች አንዲት ሴት ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ስትንገበገብ ቆይታ፣ መጨረሻው ላይ ያለ አንዳች ምክንያት ከዳተኛዋን አቅፋ ታለቅሳለች። መጽሐፉን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ይህ ደራሲ ተከድቶ አያውቅም አልኩ። እኔ አውቃለሁ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የተከዳሁት በመጽሐፍ ሰበብ ነው፤ የተበቀልኩትም በመጽሐፍ።

ያደግኩት የካ ሚካኤል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽታ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት በሚገባበት ሰፈር። ምላሴ የሚተሳሰር ልጅ ነበርኩ። ስሜን ስጠየቅ «እ… እ…» ስል ጠያቂው ትቶኝ ይሄዳል። ሱቅ ስላክ የምፈልገውን በጣቴ አሳይ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ገመድ ሲዘሉና ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጡት ከጋሽ ይልማ ቤት አልጠፋም። እሳቸው ዘንድ የድሮ ሙጫና የአቧራ ሽታ ያለው፣ ከወለል እስከ ጣራ በልብ ወለድ የተሞላ ክፍል ነበር። መጽሐፉን የሚያውሱት በነፃ ነው፤ ግን አንድ ግዴታ ነበረው። መላሽ ሁሉ በራቸው ላይ ቆሞ ምን እንደተሰማው መናገር አለበት። «የበላ ሰው ጣዕሙን ይናገር» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያውን መጽሐፍ ልመልስ ስሄድ በራቸው ላይ ቆሜ ከአንዲት ፊደል ጋር ስታገል ጥቂት አዩኝና ገብተው ግማሹ የተጻፈበት ደብተር አምጥተው ሰጡኝ። «ምላስ ቢተሳሰር እጅ አይተሳሰርም። ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። «ይህ ደራሲ ሴት ስታለቅስ እንጂ ስትስቅ አይቶ አያውቅም» ብዬ የጻፍኩትን ሲያነቡ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያቺ ደብተር አፌ ሆነች።

ከእሳቸው ሌላ ደብተሬን የምታነብ ማህሌት ብቻ ነበረች። የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ከእሷ ጋር ስሆን ምላሴ ይፈታል። ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን ወደ ትምህርት ቤት ስንወርድ ያነበብኩትን ሁሉ እተርክላት ነበር። ራሷ መጽሐፍ ይዛ መቀመጥ አትወድም፤ ሁለት ገጽ ሳትሄድ እንቅልፍ ይወስዳታል። ድምጿ ግን ድምፅ ነበር። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ማስታወቂያ የምታነበው እሷ ነበረች፤ የጠፋ ጃኬት ስታስነግር እንኳን ሰው ቆሞ ያዳምጣታል።

አንድ ዓርብ ደብተሬን «ቤት ላንብበው» ብላ ወሰደችው። በሳምንቱ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ቆሜ ሳለ፣ በባንዲራው እንጨት ላይ ከታሰረው ድምፅ ማጉያ የራሴን ዓረፍተ ነገር ሰማሁ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቃሌ ሳይደናቀፍ፣ ሳይሰበር፣ እየተንሳፈፈ ሲወጣ የሰማሁት በሕይወቴ ያን ቀን ነው። ተማሪው ጸጥ ብሏል። ከዚያ መጨረሻው ላይ «አዘጋጅና አቅራቢ፣ ማህሌት!» አለች። ጭብጨባው ቀለጠ።

ከሚኒ ሚዲያው ክፍል ስትወጣ ጠብቄ ያዝኳት። «የ… የእኔ ነው» አልኳት። ከእሷ ጋር ምላሴ ሲያዝ የመጀመሪያው ነበር። ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ብትጽፊውስ ማን ያነብልሻል? ስምሽ ላይ ስትደርሺ ደወል ይደወላል» አለችኝ። አጠገቧ የነበሩት ልጆች ሳቁ።

የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ንግሥት ዘንድ ሄድኩ። በመምህራኑ ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ ሌሎች አስተማሪዎች እያዩኝ፣ አንዲቷን «ደብተሬን» የምትል ቃል ለማውጣት ታገልኩ። ቲቸር ንግሥት ክፉ ሰው አልነበሩም። ለዚያም ነው የባሰብኝ። ራሴን ዳበሱኝና፣ «እመቤት፣ ልጄ፣ ጓደኛ ሲመሰገን መቅናት ጥሩ አይደለም» አሉኝ። ያን ቀን ዳገቱን ብቻዬን እየወጣሁ አላለቀስኩም። እናቴ «በቀል የእግዚአብሔር ነው» ትል ነበር፤ እኔ ግን እሱ ሥራ በዝቶበታል ብዬ ራሴ ለመያዝ ወሰንኩ።

በሦስተኛው ቀን ማህሌትን ታረቅኳት። ደብተሬንም እንደ ድሮው እሰጣት ጀመር። እሷም እንደ ድሮው ወሰደች፤ በየሳምንቱ አነበበች፤ ተጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። በዚህ መሃል ቲቸር ንግሥት ክፍል ውስጥ «የምወደው መጽሐፍ» እያሉ ደጋግመው ያነሱት አንድ ልብ ወለድ ነበርና ከጋሽ ይልማ ተዋስኩት። ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ታሪክ ነው። ብዙ ትሰቃያለች፤ በመጨረሻ ግን ትድናለች፤ የልብስ ስፌት ቤት ከፍታ፣ ልጇን አሳድጋ፣ በልጇ ሠርግ ላይ ትዘፍናለች።

እኔ ገደልኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየሰረዝኩ እየደለዝኩ፣ ያቺ ሴት በክረምት ወንዝ ስትሻገር ጎርፍ እንደወሰዳት፣ ነጠላዋ ብቻ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ እንደተገኘ፣ ደራሲው ለምን እንደጨከነባት ጻፍኩ። ያን ያህል አምሮልኝ የጻፍኩት ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ማህሌት አንብባው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይሄን ለወላጆች ቀን ነው የማቀርበው» አለች ለራሷ እንደምታወራ፤ ከዚያ እኔ መኖሬ ትዝ ብሏት ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። አባቷ ሙሉ ልብስ ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማህሌት መድረክ ላይ ወጥታ አነበበች። እንዴት አድርጋ እንዳነበበችው! ጎርፉ ጋ ስትደርስ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን የማየው ቲቸር ንግሥትን ነበር። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር፤ ቀስ በቀስ ግንባራቸው ተቋጠረ፤ ጭብጨባው ሳይጀመር ተነሡ።

«ማህሌት፣ ይህችን ሴት ጎርፍ የወሰዳት የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?»

«የ… የመጨረሻው ላይ ነው፣ ቲቸር።»

«የመጨረሻው ምዕራፍ ሠርግ ነው። የማን ሠርግ እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ።»

ማህሌት አፏን ከፈተች። «የ… የ… የ…» አለች። ያቺ ማር የሆነች ድምፅ እንደ እኔ ተሰባብራ ሰው ሁሉ ፊት ወደቀች። ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ ሳቀ። አባቷ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። እሷ ዓይኗን ከወረቀቱ ነቅላ በሕዝቡ መሃል ፈልጋ አገኘችኝ። ፈገግ አልኩላት። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፍጦኝ የሳቅኩት ሳቅ የለም፤ ዛሬም ሳስበው አፌ ውስጥ ይሟሟል።

በማግስቱ ቲቸር ንግሥት ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ «ጽሑፉ የማን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ግን በዚህ መንገድ ከምታደርጊው ብትነግሪኝ አይሻልም ነበር?» አሉኝ። «ነግሬዎት ነበር» አልኳቸው። አንድም ፊደል አልያዘኝም። አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ይልማ ግን አላጨበጨቡልኝም። ወሬውን ከሰፈር ሰምተው ጠበቁኝ። መጽሐፉን ስመልስ፣ «ለመሆኑ አንቺ ራስሽ ወደድሽው?» ብለው ጠየቁኝ። ለማጥመጃ እንጂ ለራሴ አላነበብኩትም ነበር። መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና፣ «ሰው ለመጉዳት የተነበበ መጽሐፍ አልተነበበም። ሂጂ፣ እንደገና ጀምሪው» አሉኝ። ጀመርኩት። ሴትየዋ በሠርጉ ላይ ስትዘፍን አለቀስኩ፤ ስለ እሷ ይሁን ስለ ሌላ ነገር አላውቅም። ማህሌት ሚኒ ሚዲያውን ትታ፣ ወደ ትምህርት ቤት በሌላ መንገድ ትሄድ ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ቤተሰቧ ወደ ሲ.ኤም.ሲ ተዛወሩ።

ባለፈው ወር መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆማ አገኘኋት። ወፍራለች፤ ድምጿ ያው ነው። ተሳሳምን፤ ልጆቻችንን ተጠያየቅን፤ የዚያን ጊዜውን ነገር አንዳችንም አላነሣነውም። በብብቷ መጽሐፍ ይዛለች፤ እኔ ከጥቂት ቀን በፊት የጨረስኩት አዲስ ልብ ወለድ ነው።

«ታነቢያለሽ እንዴ?» አልኳት ሳላስበው።

«ኋላ ለመድኩ» አለች። «እንዲህ ተይዤ አላውቅም። አደራሽን፣ አንብበሽው ከሆነ መጨረሻውን እንዳትነግሪኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩና፣ «ሐኪሙ ይሞታል። የገደለው የገዛ ወንድሙ ነው» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሰልፈኛው እስኪዞር ድረስ በሳቅ ፈነዳች። «አንቺን ብሎ ታማኝ! ሁለተኛ አልሞኝም» አለችና፣ ተራዋ ደርሶ ታክሲው ውስጥ ገባች። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ መጽሐፉን ስትገልጥ አየኋት። ሐኪሙ በእርግጥም ይሞታል፤ ወንድሙ ነው የገደለው።

አሁን ስለማነባቸው ልብ ወለዶች ቴሌግራም ላይ እጽፋለሁ። ሰዎች አስተያየቴን እየገለበጡ በስማቸው ይለጥፉታል፤ አያናድደኝም፤ ያ የልጅነት እሳት የት እንደገባ እንጃ። አንባቢ አለኝ፤ የሚከራከረኝ፣ የሚሰድበኝ፣ «ምንጭሽ ምንድነው» የሚለኝ ሞልቷል። በሰባተኛ ክፍሉ ነገር ዛሬም አልጸጸትም። ግን እንዲህ ሳስበው፣ የጻፍኩትን ሁሉ አንዲት ቃል ሳትጠራጠር አምና፣ ሰው ሁሉ ፊት ቆማ ጮክ ብላ ያነበበችልኝ ሰው፣ ከማህሌት ወዲህ አልገጠመኝም።